ከጓዳ ወደ ሜዳ፤ የአእምሮ ዕድገታቸው ለሚዘገይ ልጆች የሜዳ ሰፈር ስለሚሰጠው ጥቅም

ወላጆች ልጅ በወለዱ ጊዜ ወደ ፊት ስለሚሆነው ነገር ብዙ ያስባሉ። አንዱ ልጄ ሊቅ ይሆናል፥ ሁለተኛው ልጄ ሹም ይሆናል፥ ሦስተኛው ልጄ በእርጅናዬ ይጦረኛል እያለ ተስፋ ያደርጋል። ነገር ግን ከልጆች መካከል እንደ እኩዮቻቸው በጊዜው አፋቸውን የማይፈቱ፥ ስማቸው ሲጠራ ዘወር ብለው የማያዩ፥ በአንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ የማይሆንላቸው፥ ወይም የተነገራቸውን ለመረዳት ረዥም ጊዜ የሚፈጅባቸው አሉ። እንደዚህ ያለ ልጅ የተወለደበት ቤት ብዙ ጊዜ ኀዘንና ኀፍረት ይገባበታል። እንግዳ ሲመጣ ልጁ ወደ ጓዳ ይገባል፤ ጎረቤት ሲጠይቅ ታሞ ተኝቷል ይባላል፤ ውሎ አድሮም ልጁ መኖሩን ከቤተ ሰቡ በቀር የሚያውቅ ሰው ይጠፋል።

ዛሬ በዚህ ገጽ የምናቀርበው ነገር ስለ እነዚህ ልጆች ነው። ይኸውም ልጆቹን ከጓዳ አውጥቶ ወደ ሜዳ፥ ወደ ዛፍ ጥላና ወደ ውሃ ዳር መውሰድ፥ በዚያም ከሌሎች ልጆች ጋራ እየተጫወቱ እንዲውሉ ማድረግ ምን ያህል እንደሚጠቅማቸው ለማስረዳት ነው። ፈረንጆች ይህን የመሰለውን የልጆች መዋያ ካምፕ ይሉታል፤ እኛም የሜዳ ሰፈር እንለዋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ስለ ችግሩ ዓይነትና ስለ ምክንያቱ

የአእምሮ ዕድገት ችግር አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንደኛው ኦቲዝም የሚባለው ነው። ሊዮ ካነር የሚባሉት ሐኪም በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ፥ በጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪም ቤት ያዩአቸውን የ11 ልጆች ሁኔታ በ1943 ዓመት ጽፈው ባወጡ ጊዜ ይህ ስም በሐኪሞች ዘንድ ታወቀ። በማግሥቱ ዓመት በ1944 ሃንስ አስፐርገር የሚባሉት ሐኪም በቪየና ይህንኑ የመሰለ ነገር ጻፉ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከሰው ጋራ መነጋገርና መግባባት ይቸግረዋል፤ አንድን ነገር ደጋግሞ መሥራት ይወዳል፤ የለመደው ሥርዓት ሲለወጥበት እጅግ ይታወካል፤ ለሌላው ሰው ቀላል የሚመስል ድምፅ ወይም ብርሃን ለእርሱ ሥቃይ ሊሆንበት ይችላል።

ሁለተኛው ዳውን ሲንድረም የሚባለው ነው። በ1959 ዓመት ዤሮም ሌዥን የሚባሉት ፈረንሳዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው፥ በእነዚህ ልጆች ገላ ውስጥ ከዘር ቅንጣቶች አንዱ በትርፍ እንደሚገኝ፥ ቁጥሩም በ46 ፈንታ 47 እንደሚሆን አስረዱ። ሦስተኛው ትኩረት የማጣትና ያለ ልክ የመቅበጥበጥ ጠባይ ነው። ከእነዚህም ሌላ፥ ምክንያቱ ሁልጊዜ ሳይታወቅ ማስተዋላቸው በዝግታ የሚያድግ ልጆች አሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ይህ ነው። ይህ ሁሉ እርግማን አይደለም፤ የቡዳ ዓይን ወይም የአባት ኃጢአት ያመጣው መቅሠፍትም አይደለም። እንዲህ ያለውን ስሕተት የሠሩት ያልተማሩ ሰዎች ብቻ ናቸው ማለት አይቻልም። በአሜሪካና በአውሮፓ የተማሩ ሐኪሞች ስንኳ ለብዙ ዓመታት የኦቲዝም ምክንያቱ የእናቲቱ ፍቅር መቀዝቀዝ ነው እያሉ፥ ብዙ እናቶችን በከንቱ አስለቅሰዋል። በ1964 ዓመት በርናርድ ሪምላንድ የሚባሉት፥ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የሆኑት የሥነ ልቡና ሊቅ፥ ነገሩ ከአንጎል አሠራር የሚመጣ እንጂ ከእናት ጥፋት እንዳልሆነ በመጽሐፍ አስረዱ። ዛሬም የሊቃውንት ምርምር ትልቁን ድርሻ የሚሰጠው በዘር ለሚወረሰው የአካል አሠራር ነው። እንግዲህ ወላጅ ራሱን የሚወቅስበት፥ ልጁንም የሚደብቅበት ምክንያት የለም።

በአንዲት እመቤት ግቢ የተጀመረው የሜዳ ሰፈር

የሜዳ ሰፈር ለእነዚህ ልጆች የሚሰጠውን ጥቅም ለዓለም ጐልቶ እንዲታይ ካደረጉት ሰዎች መካከል ወይዘሮ ዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር አንዷ ናቸው። እኒህ እመቤት በ1921 ዓመት ተወልደው በ2009 ዓመት ያረፉ፥ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ እኅት ነበሩ። ሮዝሜሪ የምትባለው ታላቅ እኅታቸው በ1918 ዓመት የተወለደች ስትሆን፥ ከልጅነቷ ጀምሮ ማስተዋሏ የዘገየ ነበር። ቤተ ሰቡ ሀብታምና ስመ ጥር ቢሆንም ለእርሷ የሚሆን ትምህርት ቤት ማግኘት ቸገረው። በ1941 ዓመት በአባቷ ፈቃድ አንጎሏን በቀዶ ጥገና ነኳት፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞዋ መራመድና መናገር ተሳናት። እስከ ዕለተ ሞቷ እስከ 2005 ዓመት ድረስ አብዛኛውን ዘመኗን ያሳለፈችው ከቤተ ሰቧ ርቃ፥ በዊስኮንሲን በሚገኝ የመነኮሳይያት መጠለያ ነው። ሀብትም ሆነ ሥልጣን ሰው ያላወቀውን ነገር ሊያድን እንደማይችል ከዚህ ታሪክ እንማራለን።

ወይዘሮ ዩኒስ ግን እኅታቸው በወጣትነቷ ከወንድሞቿና ከእኅቶቿ ጋራ ስትዋኝና በጀልባ ስትጓዝ አይተው ነበርና፥ እንደዚህ ያሉ ልጆች ምንም አይችሉም የሚለውን ነገር አልተቀበሉም። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ጤነኛ ልጆች የክረምታቸውን ዕረፍት በሜዳ ሰፈር ማሳለፋቸው የተለመደ ነበር፤ ማስተዋላቸው የዘገየ ልጆችን ግን የሚቀበል ሰፈር እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ በሰኔ ወር 1962 ዓመት በሜሪላንድ፥ ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ በሚገኘው ቲምበርላውን በሚባለው መኖሪያቸው፥ የገዛ ግቢያቸውን ሜዳ ለእነዚህ ልጆች ከፈቱ።

በመጀመሪያው ዓመት የመጡት ልጆች ወደ 35 ያህል ነበሩ። የሚጠብቋቸውና የሚያጫውቷቸው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ከኮሌጅ የመጡ ወጣቶች ሲሆኑ፥ ቁጥራቸው ለአንድ ልጅ አንድ ወጣት እስከ ማለት የቀረበ ነበር። ልጆቹ ይዋኛሉ፥ ፈረስ ይጋልባሉ፥ ኳስ ይጫወታሉ፥ ዛፍ ላይ ይወጣሉ። ወይዘሮ ዩኒስም ራሳቸው ልብሳቸውን ለውጠው ወደ ውሃው እየገቡ ዋና ያስተምሩ ነበር። ብዙዎቹ ወጣቶች ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ በቅርብ አይተው አያውቁም ነበርና በመጀመሪያው ቀን ፈርተው ነበር፤ ጥቂት ቀን ከዋሉ በኋላ ግን ፍርሃቱ ወዳጅነት ሆነ። አይችሉም የተባሉት ልጆችም ጊዜና ረዳት ሲያገኙ ብዙ ነገር እንደሚችሉ ታየ።

ከዚህች ትንሽ ሜዳ የወጣው ፍሬ ትልቅ ነው። የኬኔዲ ቤተ ሰብ የበጎ አድራጎት ድርጅት ይህን የመሰለ ሰፈር በሌሎችም ከተሞች እንዲቋቋም ገንዘብ ረዳ። በ1968 ዓመት ሐምሌ 20 ቀን ደግሞ በቺካጎ ከተማ፥ ሶልጀር ፊልድ በሚባለው ስታዲየም፥ ከአሜሪካና ከካናዳ የመጡ ወደ 1,000 የሚጠጉ ስፖርተኞች ተሰብስበው የመጀመሪያውን የስፔሻል ኦሊምፒክስ ጨዋታ አደረጉ። ይህ ማኅበር ዛሬ ከ170 በሚበልጡ አገሮች ይሠራል፤ በአገራችንም ይገኛል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር መጨመር ይገባል። የወይዘሮ ዩኒስ ባለቤት አቶ ሳርጀንት ሽራይቨር የሰላም ጓድ የመጀመሪያው ኃላፊ ነበሩ። በግቢያቸው የልጆቹ ሰፈር በተከፈተበት በዚያው በ1962 ዓመት፥ በመስከረም ወር፥ ከ270 የሚበልጡ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች አዲስ አበባ ገብተው ወደ አገራችን ትምህርት ቤቶች ተሠማሩ። በዚያ ቤት ባልና ሚስት በአንድ ዓመት ሁለት በጎ ሥራ ማከናወናቸው ይገርማል።

ሜዳው ለልጁ የሚሰጠው ጥቅም

እንግዲህ አንባቢ፥ ልጁ በቤት ውስጥ ሊማር የማይችለውን በሜዳ ላይ የሚያገኘው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱን በየተራው እናቀርባለን።

1ኛ፤ ለአካሉ ይጠቅመዋል። በጓዳ የሚኖር ልጅ እግሩ ይሰንፋል፥ ገላው ይከብዳል ወይም ይከሳል፥ እንቅልፉ ይዛባል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ሚዛናቸውን ጠብቀው ለመቆም፥ ኳስ ለመቅለብ፥ ደረጃ ለመውረድ ይቸገራሉ። ሜዳው ወጣ ገባ በመሆኑ፥ ድንጋዩና ሣሩ፥ አቀበቱና ቁልቁለቱ እግርን ያስተምራሉ። ቀኑን ሲሮጥና ሲወጣ ሲወርድ የዋለ ልጅ ማታ በልቶ ለመተኛት ይቀለዋል፤ እርሱ ሲተኛ እናቱም ትተኛለች።

2ኛ፤ ለማስተዋሉ ይጠቅመዋል። በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሁለት ሊቃውንት በ2009 ዓመት ያወጡትን ምርምር እንጥቀስ። ዕድሜአቸው ከ7 እስከ 12 የሆነ፥ ትኩረት የማጣት ችግር ያለባቸው 17 ልጆች፥ አንድ ጊዜ ዛፍ በበዛበት መናፈሻ፥ አንድ ጊዜ በከተማው መካከል፥ አንድ ጊዜ በመኖሪያ ሰፈር መንገድ ለ20 ደቂቃ ያህል እንዲራመዱ ተደረገ። ከጉዞው በኋላ የሰሙትን ቁጥር ወደ ኋላ ደግመው እንዲናገሩ ሲጠየቁ፥ ከመናፈሻው የተመለሱ ጊዜ የሰጡት መልስ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። የልጆቹ ቁጥር ጥቂት ስለ ሆነ ይህን ብቻ ይዞ ብዙ መናገር አይገባም፤ ሆኖም የዛፍና የለምለም ሣር ጸጥታ የደከመ አእምሮን እንደሚያሳርፍ፥ ብዙ እናቶች በልጆቻቸው ያዩትን ነገር ያጸናል።

3ኛ፤ ተራ መጠበቅን ያስተምረዋል። በሜዳ ሰፈር ሁሉ ነገር በሰዓቱ ነው። ጠዋት ሰላምታ፥ ቀጥሎ ጨዋታ፥ ከዚያ ምሳ፥ ከዚያ ዕረፍት፥ ከዚያ ውሃ ወይም የእጅ ሥራ፥ በመጨረሻም ስንብት ይሆናል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሚመጣውን ነገር አስቀድሞ ሲያውቅ ልቡ ያርፋል። ስለዚህ ጥሩ ሰፈር የቀኑን ሥራ በሥዕል አድርጎ በግንድ ላይ ይለጥፈዋል፤ መናገር የማይችለው ልጅ እንኳ በጣቱ እየነካ ቀጥሎ የሚሆነውን ይረዳል።

4ኛ፤ ጓደኛ ይሰጠዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በቦስተን የሚገኘው የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ከ2006 ዓመት ጀምሮ በወይዘሮ ዩኒስ ሰፈር ስም አንድ የልጆች ሰፈር ያካሂዳል፤ በዚህም ማስተዋላቸው የዘገየና ያልዘገየ ልጆች በእኩል ቁጥር አብረው ይጫወታሉ። በ2009 ዓመት ስለዚሁ ሰፈር በታተመው ጥናት፥ ችግር ያለባቸው ልጆች በባልንጀሮቻቸው ዘንድ ከሌሎቹ ባላነሰ ተቀባይነት ማግኘታቸው፥ አብዛኞቹም ልጆች አዲስ ጓደኛ ማፍራታቸው ተነግሮአል። በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ልጆች የሚለያዩት በንባብና በቁጥር ነው፤ ድንኳን ለመትከል፥ ጭራሮ ለመልቀም፥ ገመድ ለመሳብ ግን ሁሉም እጅ ይፈለጋል። በዚህ ጊዜ የዘገየው ልጅ የሚታዘንለት ብቻ መሆኑ ይቀርና የሥራ ባልደረባ ይሆናል።

5ኛ፤ ወላጆችን ያሳርፋል። እንደዚህ ያለ ልጅ ያላት እናት ዓይኗን ከልጁ ሳትነቅል ቀንና ሌሊት ታሳልፋለች። ገበያ መውጣት፥ ለቅሶ መድረስ፥ ማኅበር መጠጣት ይቀርባታል። ሌሎቹም ልጆቿ እናታቸውን ሳያገኙ ያድጋሉ። ልጁ በታመነ ሰው እጅ በሜዳ በዋለበት ቀን እናቲቱ ትንሽ ዕረፍት ታገኛለች፤ ያረፈች እናት ደግሞ በማግሥቱ ትዕግሥተኛ ትሆናለች።

ሥርዓት ባለው መንገድ ስለሚደረግ ሰፈር

ማናቸውም የሜዳ ሰፈር የሚጠቅመው ልጆችን ሰብስቦ በመልቀቅ አይደለም። ለምሳሌ ዊልያም ፔልሃም የሚባሉት የሥነ ልቡና ሊቅ በ1980 ዓመት በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጀመሩትን የክረምት ሰፈር እንመልከት። ይህ ሰፈር ለሚቅበጠበጡና ትኩረት ለሚያጡ ልጆች የተዘጋጀ ነው። ልጆቹ ለ8 ሳምንት ያህል፥ ከሰኞ እስከ ዓርብ፥ ከጠዋት እስከ ማታ ይውላሉ፤ ሰዓቱ ሲደመር ወደ 360 ይደርሳል። ልጁ በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ሐኪም ዘንድ ቢመላለስ ይህን ያህል ሰዓት ለማግኘት ሰባት ዓመት ያህል በፈጀበት ነበር።

በዚህ ሰፈር ከቀኑ ጥቂቱ ሰዓት ለትምህርት ይሰጣል፤ የቀረው በኳስና በሌላ ጨዋታ ያልፋል። ልጁ ደንብ ሲያከብር፥ ጓደኛውን ሲረዳ፥ ተራውን ሲጠብቅ ወዲያው ነጥብ ይቆጠርለታል፤ ሲሳደብ ወይም ሲማታ ይቀነስበታል። ማታ የዕለቱ ሥራ በወረቀት ተጽፎ ለወላጆቹ ይደርሳል። ወላጆችም ይህንኑ ዘዴ በቤታቸው እንዲቀጥሉ ይማራሉ። ዱላና ስድብ በዚህ ቦታ የላቸውም። ጥፋትን ጠብቆ ከመቅጣት ይልቅ መልካሙን ሥራ አይቶ ወዲያው ማመስገን ልጅን ይበልጥ እንደሚያቀና ከዚህ እንረዳለን።

ሌላም ምሳሌ አለ። ኢዚ ፓስኮዊትዝ የሚባሉት፥ በባሕር ማዕበል ላይ በሳንቃ በመንሸራተት የታወቁ አሜሪካዊ፥ ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት። ልጁ በውሃ ላይ ሲሆን መንፈሱ እንደሚረጋ ስላዩ፥ ከባለቤታቸው ጋራ ሆነው በ1996 ዓመት የሌሎችን ልጆች በነጻ ወደ ባሕር የሚወስድ ሰፈር አቋቋሙ። ውሃ ገላን በሙሉ እኩል ስለሚይዝ ብዙዎቹን ልጆች ያረጋጋቸዋል ይባላል። ሆኖም ለሁሉም ልጅ አንድ መድኃኒት የለም፤ አንዱ ውሃ ሲወድ ሌላው ይፈራዋል፥ አንዱን ፈረስ ሲያስደስተው ሌላውን ሽታው ያስለቅሰዋል። ልጁን አይቶ ማወቅ የጠባቂው ሥራ ነው።

ደግሞም በማጋነን ወላጆችን እንዳናታልል እንጠንቀቅ። የሜዳ ሰፈር ኦቲዝምን አይፈውስም፤ ዳውን ሲንድረምንም አያጠፋም። የንግግርና የትምህርት ረዳት፥ የሐኪም ምርመራም ምን ጊዜም አስፈላጊ ናቸው። ሰፈሩ የሚሰጠው ነገር ልጁ ባለው ችሎታ ልክ እንዲኖር፥ እንዲደሰትና ከሰው እንዲቆጠር ማድረግ ነው። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ አገራችን

በአገራችን ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መነገር ከጀመረ ረዥም ጊዜ አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው፥ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ፥ በ2002 ዓመት በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ በብዙ ቤቶች ልጆች ታስረውና ተደብቀው ይኖሩ ነበር። እኒህ እመቤት እስከ ዕረፍታቸው እስከ 2021 ዓመት ድረስ፥ ልጅን መደበቅ ይቅር እያሉ በየመድረኩና በየሬድዮኑ ሳይሰለቹ ተናገሩ። ከእርሳቸው በኋላ ነሕምያን የመሰሉ ሌሎች ማዕከሎችም ተነሥተዋል። ነገር ግን ልጆቹ ብዙ፥ ቦታው ጥቂት ስለ ሆነ፥ ተራ የሚጠብቁት ወላጆች እንባ አልደረቀም።

የአገራችን ተፈጥሮ ግን ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸ ነው። በገጠር ማስተዋሉ የዘገየ ልጅ ከእረኞች ጋራ ወጥቶ ጥጃ ሲመልስ፥ ውሃ ሲቀዳና ጭራሮ ሲለቅም የሚውልበት ቤት አለ፤ እንዲህ ያለው ልጅ ሥራና ጓደኛ አለው። በከተማ ግን ግቢው እየጠበበ፥ መንገዱ በመኪና እየሞላ ስለ ሄደ ልጁ የሚወጣበት ሜዳ አጣ። ሆኖም አዲስ አበባ እንኳ የእንጦጦ ደን፥ የጉለሌ የዕፀዋት ማዕከል አላት፤ ከከተማው ወደ ምዕራብ ጥቂት ተጉዞም የመናገሻ ሱባ ጥንታዊ ደን ይገኛል። አንድ ትምህርት ቤት ወይም አንድ የወላጆች ማኅበር፥ ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ፥ በወር አንድ ቅዳሜ በእንደዚህ ያለ ቦታ ልጆችን ማዋል ይችላል።

ስለ ወራቱም ማሰብ ይገባል። በአሜሪካና በአውሮፓ የትምህርት ቤት ረዥሙ ዕረፍት በበጋቸው ነው፤ በእኛ አገር ግን በክረምት ዝናብ ጊዜ ይውላል። ጭቃና ብርድ፥ ነጐድጓድም ለእነዚህ ልጆች አይስማማም። ስለዚህ ለእኛ የሚሻለው፥ ከመስቀል በኋላ ሜዳው በአበባ በሚሸፈንበት ጊዜ፥ ወይም በትምህርቱ ዓመት አጋማሽ በሚሆነው አጭር ዕረፍት ማድረግ ነው።

ለወላጆችና ሰፈሩን ለሚመሩ ሰዎች የሚሰጥ ምክር

1ኛ፤ ልጁን በድንገት አትውሰዱት። አስቀድሞ ቦታውን በፎቶግራፍ አሳዩት፤ ቢቻል ሰው በሌለበት ቀን ወስዳችሁ አስጐብኙት። መጀመሪያ ለሁለት ሰዓት፥ ቀጥሎ ለግማሽ ቀን፥ ኋላ ለሙሉ ቀን ይሁን። ማደር የሚመጣው ይህ ሁሉ ከተለመደ በኋላ ነው። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ያልተቸኮለ ነገር ይጸናል።

2ኛ፤ ከቤት የለመደውን ነገር አብራችሁ ላኩ። የሚተኛበትን ጋቢ፥ የሚጠጣበትን ኩባያ፥ የሚበላውን ምግብ አትርሱ። ብዙዎቹ ልጆች አዲስ ምግብ አይበሉምና፥ በግድ ላጉርስህ ማለት ቀኑን ያበላሸዋል። ጩኸት የሚያሠቃየው ልጅ ከሆነ የጆሮ መሸፈኛ ይኑረው።

3ኛ፤ ጠባቂ አይጉደል። ለከበደው ልጅ አንድ ጠባቂ፥ ለቀለለው ለሁለት ልጅ አንድ ጠባቂ ቢሆን መልካም ነው። በ2012 ዓመት በአሜሪካ የታተመ ጥናት፥ ኦቲዝም ካለባቸውና ዕድሜአቸው ከ4 ዓመት ጀምሮ ካሉ ልጆች ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከጠባቂ ዓይን ለማምለጥ እንደ ሞከሩ አስረድቷል። የሚያመልጠው ልጅ ወደ ውሃ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሐይቅና ወንዝ ባለበት ቦታ ዋና የሚያውቅ ሰው ሥራው ውሃውን መጠበቅ ብቻ ይሁን። የልጁ ስምና የወላጁ የስልክ ቁጥር በልብሱ ውስጥ ተጽፎ ይሰፋ። በየሰዓቱም ልጆቹ ይቆጠሩ።

4ኛ፤ ሐኪም ሳይጠየቅ አይሁን። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ መድኃኒቱ በሰዓቱ እንዲሰጠው፥ ሰዓቱና መጠኑ በጽሑፍ ለጠባቂው ይሰጥ። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ከልብ ሕመም ጋራ ይወለዳሉ፤ የአንዳንዶቹም የአንገት መጋጠሚያ የላላ ነው። እንደዚህ ያለውን ልጅ ሐኪም ሳያየው ፈረስ ማስጋለብና ወደ ውሃ በራሱ ማስዘለል አይገባም። በቆላ አገር ከሆነ አጐበር አይቅር፤ ቢልሃርዚያ ባለበት ውሃም ልጆች አይግቡ።

5ኛ፤ ጠባቂዎቹ በሚገባ ይመረጡ። መናገር የማይችል ልጅ የተደረገበትን ክፉ ነገር ለእናቱ ሊነግር አይችልም። ስለዚህ ጠባቂው ማን እንደ ሆነ በደንብ ይጣራ፤ አንድም ጠባቂ ከአንድ ልጅ ጋራ ከሰው ዓይን ተሰውሮ ብቻውን አይሁን። ይህ ሥርዓት ልጁንም ቅኑን ጠባቂም ይጠብቃል።

6ኛ፤ ችግር የሌለባቸው ልጆችም አብረው ይምጡ። ወንድሞችና እኅቶች፥ የጎረቤት ልጆችም ይኑሩ። በልጅነቱ ከእንዲህ ያለ ባልንጀራ ጋራ ኳስ የተጫወተ ሰው ነገ አስተማሪ፥ ዳኛ ወይም ሹም ሲሆን ሰውን በመዘግየቱ አይንቅም።

ሥልጣንና ሀብት ለተሰጣቸው ሰዎች

ይህን ገጽ ከሚያነቡት መካከል የትምህርት ቤት ግቢ፥ የመናፈሻ በር ወይም የመሥሪያ ቤት አውቶቡስ በእጃቸው የሆነ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። ከእነርሱ የሚጠየቀው ታላቅ ሕንጻ መሥራት አይደለም። ወይዘሮ ዩኒስ ሽራይቨር ሥራቸውን የጀመሩት በገዛ ግቢያቸው ሣር ላይ ነው፤ ወይዘሮ ዘሚ የኑስም የጀመሩት የገዛ ልጃቸውን እጅ ይዘው ነው። ሰፊ ግቢ ያለው ሰው በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ቢከፍት፥ አውቶቡሱ በሰንበት የሚቆምበት መሥሪያ ቤት ለአንድ ቀን ቢያውስ፥ የመምህራን ማሠልጠኛ ኃላፊ ተማሪዎቹን ለጠባቂነት ቢልክ ሥራው ይጀመራል። ተማሪዎቹም ከመጽሐፍ የማያገኙትን ትምህርት ያገኛሉ።

ወላጆች ሆይ፥ ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ተብሎአልና፥ ልጃችሁን እንደ ተሰጣችሁ ውደዱት። በሰው ፊት ስታወጡት የመጀመሪያው ቀን እንደሚከብዳችሁ እናውቃለን፤ የሚያፈጥ ዓይን፥ የሚያሾክሹክ አፍ አይጠፋም። ነገር ግን ሰው የሚያፈጥጠው ያልለመደውን ነገር ነው። ልጆቹ በየሜዳው፥ በየመናፈሻው፥ በየበዓሉ የታዩ እንደ ሆነ ዓይን ይለምዳቸዋል፤ ዓይን ከለመደ ልብም ይቀበላል። ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፥ ሣሩም ገና ለምለም ነው። በዚያ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቤተ ሰብ ተስማምተው፥ ስንቃቸውን ይዘው፥ ልጆቻቸውን ከዛፍ ጥላ ሥር ቢያውሉ የሜዳው ሰፈር በዚያው ቀን ተቋቋመ ማለት ነው።